ስለ አክሪሊክ ሉህ አቈራረጥ፥ አወላወልና አጣበቅ የተደረገ ንግግር



በፊታችሁ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ሣጥን ተመልከቱት። ከሩቅ ሲያዩት መስተዋት ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን በማዕዘኖቹ ሁሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሞልቶበታል። የተሠራበት ነገር አክሪሊክ ይባላል፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በብዕርና በመዝገብ ያሳለፍሁ ጸሐፊ ስሆን ስለ እጅ ሥራ ለመናገር የደፈርሁት በዚህ ጥፋት ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሎች በብራና የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ልጆች እንዲያዩት ብለው ለትምህርት ቤቱ በአደራ ሰጥተው ነበር። ልጆቹም ወደዱት፤ ነገር ግን የጣታቸው ወዝ የቅጠሉን ዳር ያጠቍረው ጀመር። ስለዚህ መጽሐፉ ሳይነካ የሚታይበት ሣጥን በሁለት ሳምንት ውስጥ በቤቴ ሠርቼ አመጣለሁ ብዬ በሽማግሎቹ ፊት ቃል ሰጠሁ።

አክሪሊክን መምረጤ ክፉ አልነበረም። ብርሃንን ከመቶ 92 እጅ ያህል ያሳልፋል፤ ክብደቱም የመስተዋት እኩሌታ ያህል ነው፤ ቢወድቅም እንደ መስተዋት ቶሎ አይደቅም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጀርመንና በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ ለገበያ ወጣ፤ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ሆነ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዐይን ሐኪም፥ የዚህ መስኮት ስባሪ በአውሮፕላን ነጂዎች ዐይን ውስጥ ገብቶ ሳለ ዐይኑን እንደማያስቈጣው አስተዋለ። በ1949ም በለንደን ከተማ፥ ሞራ ለጋረዳት አንዲት ሴት ከዚሁ ከአክሪሊክ የተሠራ ሌንስ በዐይኗ ውስጥ አኖረላት። ዐይንን ያልጐዳ ነገር ብራናን አይጐዳም ብዬ አሰብሁ።

ሆኖም አክሪሊክ ሙቀትን አይችልም። ውሃ በሚፈላበት ሙቀት አጠገብ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ እሳት ቢይዘውም እንደ እንጨት ይነድዳል። በሥራው ላይ የሚመጣው ችግር ብዙው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ መቍረጥ፤ ከፋብሪካ ሲመጣ በላዩ የተለጠፈውን ሽፋን ሥራው እስኪያልቅ መላጥ አይገባም፤ ገጹ በጥቂት አሸዋ እንኳ ይጫራልና። ልኩም በሽፋኑ ላይ ይሰመራል። ውፍረቱ እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነውን ሉህ፥ የብረት ማስመሪያ አስደግፎ በሹል ነገር አሥር ጊዜ ያህል በአንድ መስመር መጫር፥ ከዚያም መስመሩን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጎ ወደ ታች መስበር ነው። ከዚህ የወፈረው ጥርሱ በደቀቀ መጋዝ ቀስ ተብሎ ይቈረጣል። መጋዙን ቢያጣድፉት ፍቅፋቂው በሙቀት ይቀልጥና የተቈረጠው ከኋላ መልሶ ይገጥማል። እኔም በመጀመሪያው ቀን አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ቈረጥሁት። ሽታ ከተነሣ መጋዙን አቁሞ ማሳረፍ ነው።

በመሰርሰሪያ ሲበሱትም ከሥሩ እንጨት ማስደገፍና እጅን ማላላት ይገባል፤ መሰርሰሪያው በስተኋላ ሊወጣ ሲል ይነክስና ይሰነጥቀዋልና።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የተቈረጠው ጠርዝ ሻካራና ነጭ ነው፤ እንደ ገጹ ጥሩ ሆኖ እንዲታይ መለስለስ አለበት። ጊዜው ስላጠረኝ የእሳት ነበልባል በጠርዙ ላይ በፍጥነት አሳለፍሁበት። ጠርዙ በቅጽበት እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ፤ እኔም በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው የማጣበቂያውን ፈሳሽ አፍስሼ ሣጥኑን ገጠምሁ። በማግሥቱ ሽማግሎቹ ሣጥኑን ለማየት ሲመጡ እነዚህ ስንጥቆች ተገኙ። ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት፤ እሳቱ የላዩን ቆዳ ብቻ ያቀልጠዋል፤ ሲበርድ ላዩ ይሰበሰባል፥ ውስጡ ግን አይከተለውም፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደ ተወጠረ ይቀራል። የማጣበቂያው ፈሳሽ ሲነካው ያ ውጥረት ይፈነዳል።

በዚያ ቀን ካፈርሁት ማፈር ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ ብራና ይፍቅ ነበር። ስባሪውን አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ልጄ፥ ይህ ነገር እንደ ብራና አይፋቅምን?» አለኝ። ሞከርነው፤ ተፋቀ። የካራውን ጀርባ ቀጥ አድርጎ በጠርዙ ላይ ሲስቡት ቀጭን ልጣጭ እያወጣ የመጋዙን ምልክት ያጠፋል። ከዚያ በኋላ በውሃ እያራሱ በብርጭቆ ወረቀት፥ በመጀመሪያ በ320 ቍጥር፥ ቀጥሎም በ600 ቍጥር ማሸት፥ በመጨረሻም በመወልወያ ቅባትና በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። ነገር ግን የሚጣበቀውን ጠርዝ መወልወል አይገባም፤ ማዕዘኑ ይከብና ከሌላው ጋር ሳይገጥም ይቀራል። እርሱ ተፍቆና ታሽቶ ቀጥ ካለ ይበቃዋል።

ማጣበቂያው እንደ ሙጫ በመካከል ሆኖ የሚይዝ አይደለም። ሁለቱን ጠርዞች ጥቂት ያሟሟቸዋል፤ እርሱ በንኖ ሲሄድ ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ሉሆቹን አስቀድሞ አቁሞና አስደግፎ በቀጭን መርፌ ፈሳሹን በመጋጠሚያው ላይ ማስኬድ ነው፤ ዘይት በፈትል ውስጥ እንደሚሳብ ራሱ ይገባል። ከዚያ በኋላ እስከ ማግሥቱ መነቅነቅ የለበትም። ጠብታ በገጹ ላይ ቢወድቅ ራሱ እስኪደርቅ መተው እንጂ መጥረግ አይገባም፤ የጠረጉት እንደሆነ ጠባሳው ይሰፋል።

መምህራን ሆይ፤ ይህን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ለዚህ ሥራ የተለመደው ዲክሎሮሜቴን የተባለው ፈሳሽ መርዝ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ቤት ወለል ላይ ይተኛል፤ በእሳት አጠገብም ሌላ የከፋ መርዝ ይሆናል፤ ተራ የጎማ ጓንትም አያግደውም። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ለተራ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሎታል። መቍረጡን፥ መፋቁንና መወልወሉን ለተማሪዎች አስተምሩ፤ ማጣበቁን ግን ልጆች በሌሉበት፥ በነፋሻ ደጅ፥ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ብቻ ያድርገው። ይህ ካልተመቸ ሉሆቹን በብሎን ማያያዝ ይሻላል፤ የብሎኑ ቀዳዳ ጥቂት ሰፋ ይበል፥ አክሪሊክ በሙቀት ይረዝማልና፤ 1 ሜትር የሆነው ሉህ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል።

ሲቈሽሽ በለስላሳ ሳሙናና በውሃ ይታጠብ። በአልኮል ወይም በአረቄ አይጠረግ፤ አረቄም እንደዚያ ፈሳሽ የተወጠረውን ጠርዝ ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው ሣጥን ከቀጠሮው አንድ ወር ዘግይቶ አለቀ። መጽሐፉን ወዲያው አላስገባነውም፤ የማጣበቂያው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሣጥኑ ተከፍቶ ብዙ ቀን ሰነበተ። አሁን ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ አጠገብ ቆሟል፤ ቅጠሉን በየወሩ የሚገልጥልን ያ ብራና ፋቂ ሽማግሌ ሲሆን የሣጥኑም ቍልፍ በእርሱ እጅ ነው።