የጋቢው ቀዳዳ

ትናንት ማታ የእናቴን ጋቢ ስዘረጋ መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አገኘሁ። መርፌና ክር አመጣሁ። እሷ እንዳስተማረችኝ ከቀዳዳው ራቅ ብዬ፣ ደህናው ሸማ ላይ ጀመርኩ፤ የሳሳው ጠርዝ ክር አይችልም። መጀመሪያ ቁልቁል ደረደርኩ፤ ይህ ድሩ ነው። ቀጥሎ አግድም፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከሥር እያሳለፍኩ ማጉን አስገባሁ። ሸማኔው የሠራውን በጣት ስፋት መድገም ማለት ነው። ክሩን ካጠበቁት ጨርቁ ይጨማደዳል፤ እናቴ «ላላ አድርጊው፣ ይተንፍስ» ትለኝ ነበር። የተጣፈ ልብስ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ስፌት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። የእሷ ስፌት ጋቢው ጫፍ ላይ እስካሁን አለ። ዛሬ ጠዋት ብርድ ነበር፤ ጋቢውን ደርቤው ወጣሁ።