ያገለገለ የናፍጣ ሞተር እንዴት ይመረመራል?
(በትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል ላይ በመካኒክ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት በምናከብርበት በዚህ ቀን፥ እያንዳንዱ ክበብ በዓመቱ ውስጥ ከተማረው አንድ ፍሬ ነገር እንዲያቀርብ ተጠይቋል። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ግጥሙን፥ የሙዚቃ ክበብ መዝሙሩን አሰምቶናል። እኛ የመካኒክ ክበብ አባሎች ግን ግጥምም መዝሙርም ስለሌለን፥ በጠረጴዛው ላይ የምታዩትን ብረት ይዘን ቀርበናል። ይህ ብረት በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ ይባላል፤ የሞተሩ ራስ ማለት ነው። ጠጋ ብሎ የተመለከተው ሰው፥ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ከፀጉር የማይወፍር ስንጥቅ ያያል። ንግግራችንም የሚነሣው ከዚህ ስንጥቅ ነው።

የአንድ ጓደኛችን አባት በጡረታ በተሰናበቱ ጊዜ፥ ያጠራቀሙትን ገንዘብና የዕቁብ ዕጣቸውን አንድ ላይ አድርገው፥ ቤተሰቤን ታስተዳድርልኛለች በማለት አንዲት ያገለገለች የናፍጣ ሚኒባስ ገዙ። ሊያይዋት በሄዱ ጊዜ ሞተሯ ሞቆ ይሠራ ነበር። ሻጩም፥ «አባባ፥ እንዳይጉላሉ ብዬ አስቀድሜ አሙቄ ጠበቅሁዎ» አላቸው። እርሳቸውም ስለ ትሕትናው አመስግነው ገንዘቡን ከፈሉ። በአምስተኛው ሳምንት ሚኒባሷ ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ውሃዋ ፈልቶ መንገድ ላይ ቆመች። ለጥገናው ብድር ገቡ፤ ጓደኛችንም ያን ዓመት ከትምህርት በኋላ በረዳትነት እየሠራ ቤቱን ደገፈ። እኚህ አባት ግን፥ «የእኔ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሁነው» ብለው የተሰነጠቀውን ቴስታታ ለክበባችን ሰጡን። ዛሬ ታሪኩን የምንናገረውም በፈቃዳቸው ነው።

ብዙ ሰው «የናፍጣ ሞተር አይበላሽም» ሲል እንሰማለን። ይህ አባባል ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ የተሳካ ሞተሩን ሲያስመረምር፥ ከነዳጁ ሙቀት ከሩብ በላይ የሚሆነውን ወደ ሥራ ለመለወጥ ቻለ። ይህ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የበለጠ ነበር። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም። ፒስቶኑ አየሩን ወደ ሃያኛ እጅ ያህል አጥብቆ ሲጨምቀው፥ የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ግፊት እንዲችል ብረቱ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ይሠራል። ጠንካራነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠንካራ ነገር ሁሉ ባለቤቱ ቸል ሲለው ሳይናገር ይጎዳል፤ በተናገረ ጊዜም ዋጋው ከባድ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ቀድሞ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፥ የቀድሞው ባለቤት ጥፋትም አብሮ ይዘዋወራል ማለት ነው።

እንግዲህ ገዢ የሆነ ሰው ምን ያድርግ? ክበባችን ከመምህራችን የተማረውን በአምስት ነጥብ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፥ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ተመልከቱት። ማለዳ ሂዱ፤ ኮፈኑንም በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከቆያችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ደካማ ሞተር፥ ያረጀ ባትሪ ወይም የተቃጠለ ማሞቂያ ካንዴላ ያለበት መኪና ሲሞቅ በቀላሉ ይነሣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ጠባዩን መደበቅ አይችልም።

ሁለተኛ፥ ውሃውን መርምሩ። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ ከተከፈተ ፊት ያቃጥላልና፥ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይከፈታል። የዝገት ቀለም ያለው ወይም ዘይት የሚንሳፈፍበት ውሃ መጥፎ ምልክት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፥ የሚቃጠለው ጋዝ በተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም በተበላ ጋስኬት በኩል ወደ ውሃው መግባቱን ያስጠረጥራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ በድስት ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ይህን የሚከላከለው ክዳኑ ነው፤ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያለቀ ርካሽ ክዳን አንድ ሞተር ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛ፥ ጢሱን አንብቡ። ጥቁር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ በላይ መሆኑን ያመለክታል። ከተማችን ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ይሳሳል፤ በዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጢስ ቢታይ አያስደነግጥም። ሲበዛ ግን የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፥ ወይም የናፍጣ መርጫው ተበላሽቷል። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ነጭ ጢስ በብርድ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ቢጠፋ ደኅና ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቢቀጥል፥ ውሃውም ቢጎድል ግን አትግዙ።

አራተኛ፥ ዘይቱንና ናፍጣውን ተመልከቱ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር ጥቁረቱ ብቻ አያስፈርድም፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስታነሡ ጢሱ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻዎቹ አልቀዋል። የናፍጣው ፊልትሮ መቼ እንደ ተለወጠም ጠይቁ። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣው ከአየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሚረጭ፥ ጥቂት ውሃ ወይም አቧራ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣውን መርጫ ያበላሻል።

አምስተኛ፥ ስለ ቺንጋው ጠይቁ። በቶዮታ 2ኤል፥ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ውስጥ የቫልቮላዎቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚጠብቀው በጎማ ቺንጋ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ይታዘዛል። ቺንጋ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ፒስቶንና ቫልቮላ ይጋጫሉ። ሻጩ የተለወጠበትን ቀን ካላስረዳ፥ የመለወጫውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ የፔዳሉ ላስቲክ ካለቀ ፔዳሉን እመኑ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መካኒክ ወስዳችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት አስለኩ። ዋናው ነገር ሁሉም ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። የመካኒኩ ዋጋ ከቴስታታ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደዚህ ብረት እንመለስ። ሞተሩን ስንፈታው የውሃው መተላለፊያ በዝገት ተደፍኖ አገኘነው። ይህ የአምስት ሳምንት ሥራ አልነበረም፤ የብዙ ዓመት ቸልታ ነው። ሞተሩ በዚያች ማለዳ ቀዝቅዞ ቢሆን ኖሮ፥ እኚህ አባት የራዲያተሩን ክዳን አንሥተው ዝገቱን በዓይናቸው ባዩት ነበር። ያ የሞቀ ሞተር ትሕትና አልነበረም፤ መጋረጃ ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ መኪና ስትገዙ የሞተሩን ስም ሳይሆን አያያዙን ግዙ። መኪና የምትሸጡም ብትኖሩ፥ ያለበትን ጉድለት ነግራችሁ በጉድለቱ ልክ ሽጡ። እናንተም ጓደኞቻችን፥ አባት ወይም እናት መኪና ሊያዩ ሲሄዱ፥ «ልጅ ነኝ» ብላችሁ ከቤት አትቅሩ። ኮፈን ለመዳሰስ እጅ ብቻ ይበቃል።

ጓደኛችን በሚመጣው ዓመት ከእኛ ጋር ትምህርቱን ይፈጽማል፤ ሚኒባሷም ታድሳ ትሠራለች። ይህ ቴስታታ ግን በክበባችን ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ስንጥቁን በጣታቸው ዳስሰው ይማሩበታል።