ላሙ ላይ የሚሸጥ የባሕር ዳር ቤት

በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ፣ ላሙ በምትባል ደሴት ላይ የምትገኘውና በዚያው ስም የምትጠራው አሮጌ የወደብ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከመመዝገቧም አስቀድሞ፣ የስዋሂሊን ሥነ ሕንፃ የወደዱ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ሲገዙባት ቆይታለች። ከባሕሩ ፊት ለፊት የቆመ ባለ ፎቅ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ ጎልቶ የሚነገረው ከሰገነቱ የሚታየው ውሃና ጀልባ ነው፤ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ግን ግድግዳውን ነው።

ግድግዳው የሚገነባው ከኮራል ነው፤ ኮራል ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለዘመናት ከሚያከማቹት ቅሪት የሚፈጠር ድንጋይ ሲሆን፣ ግንበኞቹ ይህንኑ ድንጋይ አቃጥለው በሚያወጡት ኖራ እያያያዙ ወፍራም አድርገው ያቆሙታል። ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከሙት ደግሞ በጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ግንዶች ናቸው፤ በስዋሂሊ ቦሪቲ የሚባሉት እነዚህ ግንዶች ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርሱት ለአጭር ርቀት ብቻ በመሆኑ፣ የላሙ ክፍሎች ጠባብና ረጃጅም ሆነው ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ግድግዳ ከመሬትና ከባሕር አየር የሚስበውን እርጥበት በኖራው ልስን በኩል መልሶ ያስወጣል። ቤቱን ለገበያ ለማሳመር ሲባል በሲሚንቶ ሲለሰን ግን መውጫው ይዘጋል፤ እርጥበቱ በውስጥ ይታመቃል፣ ጨው እየጠጠረ ልስኑን ይገፋል፣ ድንጋዩ ይፈረፈራል፣ በግድግዳው የተቀበረው የቦሪቲ ጫፍም ይበሰብሳል። በላሙ አዲስ ተለስኖ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ከተላጠ የኖራ ግድግዳ የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል።

ከተቀረጸው የእንጨት በር ውጭ ዳካ የሚባል፣ በግራና በቀኝ የድንጋይ መቀመጫ ያለው መግቢያ ይገኛል፤ በውስጠኛው ክፍል ደግሞ ዚዳካ የሚባሉት፣ በልስን ተጊጠው በግድግዳው ውስጥ የተደረደሩ የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዶች አሉ። በከተማዪቱ የቆዩ ቤተሰቦች ልማድ እንዲህ ያለው ቤት ለሴት ልጅ በጋብቻዋ ጊዜ የሚሰጥ፣ ባልም ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባበት ስለነበር፣ ቤቱ ለባዕድ ሲሸጥ እናት ለልጇ ልታወርሰው የሚገባው ከዘር ሐረጉ ይወጣል፤ ይህን ጉዳት የትኛውም የሽያጭ ዋጋ አይክሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚከፈል ኪራይ ብቻ እንዲሆን የሚደነግግ ሲሆን፣ ዘመኑም ከ99 ዓመት ሊበልጥ አይችልም። የኢትዮጵያ አድማጭ ሊዝን በአገሩ ስለሚያውቀው ነገሩ አይከብደውም። የቤቱን ዋጋ በሚመለከት ደግሞ የአዲስ ወደብ ተስፋ ሊነሣ ይችላል፤ ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር ለማገናኘት ከአዲስ ወደብ ጋር የታቀደው የትራንስፖርት መስመር እ.ኤ.አ. በ2012 የሦስቱ አገሮች መሪዎች በተገኙበት ሥራው ተጀምሯል፤ የአዲሱ ወደብ የመጀመሪያ የመርከብ ማቆሚያም በ2021 ተመርቋል። ይሁን እንጂ አዲሱ ወደብ የሚገኘው ከአሮጌዋ ከተማ ርቆ በማንዳ የባሕር ወሽመጥ ስለሆነ፣ የጥንቱን ቤት ዋጋ በወደቡ ተስፋ መተመን ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ገዢ ውል ከመፈረሙ በፊት ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ይዞ ግድግዳውን ያስመርምር፤ ሻጭም የተላጠውን በሲሚንቶ ሳይሸፍን እንዳለ ያሳይ።