«ወጣ» ብቻ አንበል
(በወናጎ የአባላት ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ የምናወራውን ነው፤ የማህፀን መውጣትን። ስለምናፍር «ወጣ» ከምትል አንዲት ቃል በቀር ሌላ የለንም። ትንሽ ዝቅ ያለውና ጨርሶ የወጣው ግን አንድ አይደሉም፤ ሕክምናቸውም ይለያያል።

ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ መነሻው የብልት በር ነው። ሴትየዋ ስታምጥ የወረደው ክፍል ከበሩ በላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከቀረ አንደኛ ደረጃ ነው። እስከ በሩ ደርሶ ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሁለተኛ፣ ከዚያ አልፎ ከወጣ ሦስተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከወጣ አራተኛ ይባላል። አንደኛው ብዙ ጊዜ አይታወቀንም።

አንዲት አባላችን በማለዳ ሄዳ፣ ተኝታ ታየችና «ደህና ነሽ» ተባለች። ማታ ግን እንሰት ስትፍቅ ውላ፣ ውኃ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ይወርድባታል። ደህና ነሽ ተብላ እንዴት ትመለስ? ሁለት ዓመት ዝም አለች። ስንተኛ ተኝተን ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ስንቆምና ስንሸከም ይወርዳል። በኋላ አብረናት ሄድን። «ማታ ማታ ነው የሚብስብኝ፣ አምጬ ወይም ቆሜ ይታይልኝ» አለች። ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ተገኘ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዙልን።

ደረጃ ሲነገረን ወዲያው ቢላዋ የሚታየን አለን። ዝቅ ላለው ደረጃ ሽንት እንደምንይዝ አድርጎ ጡንቻን ማጥበቅና መልቀቅ፣ በየቀኑ ለወራት ሲሠራ ይረዳል። ፔሳሪ የሚባል፣ ውስጥ ገብቶ የሚደግፍ ቀለበትም አለ። ኦፕሬሽን የሚመረጠው ሕመሙ ሲያስቸግር ነው፤ መውለድ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ትናገር። ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፤ ሁለተኛ ላይ ሆና የምትሰቃይ አለች።

ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚፈስባት ግን ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ትታይ። ሁለቱን አናምታታ።

ዲላ ሆስፒታል ለመሄድ የመጓጓዣው ገንዘብ ከሣጥናችን ይወጣል። የምትሄዱ ስማችሁን ለገንዘብ ያዧ ንገሯት፤ ለምን እንደምትሄዱ አትጠይቃችሁም።