አሮጌ ማዘርቦርድ ከአዲስ ኤስኤስዲ እንዲነሣ ስለ ማድረግ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመማሪያ መጻሕፍታችን እምብዛም ስፍራ ያላገኘ፣ በጥገና ቤቶች ግን ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባሉትን አዳዲስ ኤስኤስዲዎች፣ እነርሱ ከመለመዳቸው በፊት በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ሰክተን ኮምፒዩተሩ ከእነርሱ እንዲነሣ ማድረግ እንችላለን ወይ? እንችላለን፤ መንገዱ የማዘርቦርዱን ፈርምዌር መለወጥ ነው። ይገባል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለዚያም የሚገባውን ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ለምን አሁን? የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ምን ያህል እንደ ከበደ ከእኔ ይልቅ ኪሳችሁ ያውቃል። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በሶዶም ሆነ በዞኑ የወረዳ ከተሞች በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶች የማገኛቸው ኮምፒዩተሮች ግን ብዙውን ጊዜ የ2ኛ፣ የ3ኛና የ4ኛ ትውልድ ናቸው። ፕሮሰሰራቸው አልደከመም። የደከመው ሃርድ ዲስካቸው ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከዘመን ልዩነት ነው። የኤንቪኤምኢ የመጀመሪያው መመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ነው። ማዘርቦርድ አምራቾች ከእንዲህ ዓይነቱ ዲስክ መነሣትን መፍቀድ የጀመሩት ግን በ2014 አካባቢ፣ በኢንቴል 9 ተከታታይ ቺፕሴት ዘመን ነበር፤ የተለመደ ነገር የሆነውም በቀጣዩ ዓመት ከ100ው ተከታታይ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ማዘርቦርድ የሳታን ቋንቋ ያውቃል፣ የዩኤስቢን ያውቃል፤ የኤንቪኤምኢን ግን አያውቅም። ወላይትኛ ብቻ የሚናገር እንግዳና አማርኛ ብቻ የሚሰማ ዘበኛ በር ላይ ቢገናኙ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ዊንዶውስ 10ም ሊኑክስም ይህን ድራይቨር ይዘዋል፤ ነገር ግን የያዙት እዚያው ሊነበብ ባልቻለው ዲስክ ውስጥ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ የምርመራ ዘዴ እናገኛለን። ኮምፒዩተሩን ከሌላ ዲስክ ወይም ከሊኑክስ ፍላሽ አስነሥታችሁ አዲሱ ኤስኤስዲ ከታያችሁ፣ ዲስኩም ማስገቢያውም ደኅና ናቸው፤ የጎደለው በፈርምዌሩ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ ብቻ ነው። ካልታያችሁ ባዮሱን ለመንካት አትቸኩሉ። ኤም.2 ቅርጽ ያለው ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም፤ በዚያው ቅርጽ የሚሸጥ የሳታ ዲስክ አለ፤ እርሱ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ላይ ቢሰካ ፈጽሞ አይታይም።

አሁን ወደ ፈርምዌሩ ውስጥ እንግባ። በእነዚህ ማዘርቦርዶች ላይ ስምንት እግር ያላት ትንሽ የኤስፒአይ ፍላሽ ቺፕ አለች፤ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 16 ሜጋባይት ትይዛለች። በኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ከሆነች ውስጧ በክፍል በክፍል የተለየ ነው፤ የክፍሎቹን ወሰን የሚናገር መግለጫ፣ ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው የኢንቴል ክፍል፣ ከዚያም ዋናው የባዮስ ክፍል ይገኛሉ። የባዮሱ ክፍል በዩኢኤፍአይ ሥርዓት የተጻፈ ከሆነ፣ ዲኤክስኢ በሚባለው የሥራ ምዕራፍ ላይ ድራይቨሮችን አንድ በአንድ እየጫነ ይሄዳል። እኛ የምናደርገው በዚያ ተርታ ላይ አንድ ድራይቨር መጨመር ነው። ድራይቨሩን አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም፤ ኢዲኬ 2 በሚባለው የዩኢኤፍአይ ክፍት ፕሮጀክት ውስጥ ምንጩ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ኮምፓይል አድርገን፣ ዩኢኤፍአይቱል በመሰለ ፕሮግራም የባዮሱን ፋይል ከፍተን፣ ሌሎቹ የዲኤክስኢ ድራይቨሮች ባሉበት ክፍልፍል መጨረሻ ላይ እናስገባዋለን። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ድራይቨሩ መጠኑ ያነሰ መሆን አለበት። ካስቀመጥን በኋላ አዲሱንና የቀድሞውን ፋይል ጎን ለጎን ከፍተን ማስተያየት ግድ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ባዶ ቦታ የሚሞሉትን ፋይሎች ሳይነግሩን ይጨምራሉ ወይም ያጠፋሉ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይም ይህ ብቻውን ማሽኑ እንዳይነሣ ያደርጋል።

ሻንቶ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት በዚህ ዓይነት ችግር መጥቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ኤች81 ቺፕሴት ያለው የ4ኛ ትውልድ ነው፤ ዲስኩን ከአዲስ አበባ ያስመጣው ዘመድ «አዲሱ ይሻላል» ተብሎ ኤንቪኤምኢ ገዝቶለታል። መለወጥ የማይታሰብ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መንቋቋት ጀምሯል። የወረዳው ሰው ማመልከቻና የመምህራኑ የፈተና ወረቀት የሚጻፈው በዚያች አንዲት ማሽን ላይ ነው። በስክሪን ካርድ ያልተያዘውን ረጅሙን ማስገቢያ በአስማሚ ካርድ ተጠቀምን፤ አጭሩ ማስገቢያ በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት በላይ ስለማያሳልፍ ከሳታ አይሻልም፤ ረጅሙ ግን በአራት መስመር እስከ 2 ጊጋባይት ያሳልፋል።

እዚህ ላይ የመብራት ነገር ይነሣል። ባዮስን በራሱ በማሽኑ ላይ እየጻፍን መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ድዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የማሽኑን ገመድ ነቅለን፣ ሲኤች341ኤ በሚባለው ርካሽ ፕሮግራመር ከባትሪ ላፕቶፕ ላይ መጻፍን መረጥሁ። ጥንቃቄ ግን ይሻል፤ የዚህ መሣሪያ ጥቁሩ ዓይነት 3.3 ቮልት ለሚፈልግ ቺፕ በመረጃ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። በመልቲሜትር ሳይለኩ ማገናኘት ክልክል ነው እላለሁ። በመጀመሪያ የሚደረገው መጻፍ ሳይሆን ማንበብ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን በሃሽ ማረጋገጥ። የተነበበው ፋይል የማሽኑን መለያ ቁጥርና በብዙ ሰሌዳዎች ላይ የኔትወርክ አድራሻውን ስለሚይዝ፣ ከአምራቹ የሚገኘውን ጥሬ ፋይል እንዳለ በላዩ መጻፍ እነዚህን ያጠፋል።

ማሽኑ ሲነሣ በማስነሻው ዝርዝር ላይ የዲስኩ ስም አልወጣም፤ «ፓታ» የሚል እንግዳ ቃል ብቻ ነበር። ወጣቱ ደነገጠ። በእነዚህ ባዮሶች ላይ ግን የተለመደው እንዲህ ነው፤ ድራይቨሩ መሥራቱን የሚያበስር ምልክት ነው። ሲኤስኤም የሚባለውን የአሮጌ ሥርዓት ድጋፍ ዘግተን፣ ዲስኩን በጂፒቲ ከፋፍለን ዊንዶውስ ስንጭንበት «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» በስሙ ተገለጠ።

ሥራው ተሳካ፤ ሆኖም ለማንም «አድርጉት» ብዬ የምመክረው አይደለም። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ማንኛውም ኤስኤስዲ፣ ሳታም ቢሆን፣ ይህን ወደ መቶኛው ያወርደዋል። ለተጠቃሚው የሚታየው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ከሳታው 550 ሜጋባይት ወደ 2 ጊጋባይት መሄድ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ከቁጥር አያልፍም። ገና ካልገዛችሁ ለአሮጌ ማሽን የሳታ ኤስኤስዲ ግዙ። ከተገዛ በኋላም ባዮሱን ሳይነኩ የሚሄዱበት መንገድ አለ፤ ሊኑክስ ከሆነ የማስነሻውን ክፍል በትንሽ ፍላሽ ላይ አድርጎ ቀሪውን በኤንቪኤምኢው ላይ መጫን፣ ዊንዶውስ ከሆነ ክሎቨር የሚባለውን ማስነሻ ከነድራይቨሩ በፍላሽ ላይ ማኖር። ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ፍላሹ ቢበላሽ በሌላ ይተካል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ኢሴት የተባለው የጸጥታ ኩባንያ ሎጃክስ ብሎ የሰየመውን ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሎጃክስ በዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ውስጥ ተደብቆ በእውነተኛ ጥቃት ላይ የተገኘ የመጀመሪያው ነው። የሠራውንም ልብ በሉ፤ የኤስፒአይ ቺፑን አነበበ፣ አንድ የዲኤክስኢ ድራይቨር ጨመረ፣ መልሶ ጻፈ። ከላይ የዘረዘርሁት አሠራር፣ ቃል በቃል። ዊንዶውስን እንደገና መጫን አያጠፋውም፤ ዲስኩን መቀየርም አያጠፋውም። ኢንቴል ከ4ኛው ትውልድ ጀምሮ ቡት ጋርድ የተባለውን ጥበቃ ያመጣው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው፤ አምራቹ ቁልፉን ዳግም በማይለወጥ መንገድ በሃርድዌሩ ውስጥ ካተመው፣ ጥበቃው የሚሸፍነው ክፍል የተነካ ፈርምዌር አይነሣም። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ የእኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያበቃል። የማሽኑ ባለቤት በገዛ ንብረቱ ላይ ተከለከለ ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ የባንክ ወይም የሆስፒታል ኮምፒዩተር ቢሆን ጥበቃው እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ በፎቶ ኮፒ ቤት ማሽን ላይ ደግሞ ባለመኖሩ አላዝንም።

ስለዚህም በዚህ ርእስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ተማሪዎች የምጠይቀው ይህን ነው። ሌላ ሰው ለውጦ ያዘጋጀውን የባዮስ ፋይል አልቀበልም፤ ከምን እንደተሠራ ማንም ሊመሰክርለት አይችልምና። ድራይቨሩን ከምንጩ ኮምፓይል አድርጉ፤ በራሳችሁ እጅ አስገቡ። ከመለወጡ በፊት የተነበበውን ፋይል፣ የተለወጠውን፣ የሁለቱንም ሃሽ፣ የተሠራበትን ቀን ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለማሽኑ ባለቤት ስጡ፤ ሌላውን ለትምህርት ክፍሉ አስረክቡ። የሻንቶው ወጣት ቅጂውን በፍላሽ ይዞ ሄዷል።

ጊዜ ስላለን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።