የሒሳብ ሪፖርት ከመረጃ ቋት ስለ ማውጣት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ ሁሩታ በምትገኝበት በቀድሞው የጭላሎ አውራጃ፣ ማዳበሪያን በዱቤ መውሰድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጥ ነበር። «ማን ምን ያህል ወሰደ? ማንስ ምን ያህል መለሰ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ ያገኝ የነበረው ከወረቀት መዝገብ ነው። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት ከኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ይወጣል።

ሪፖርትን በኮምፒዩተር ማዘጋጀት በራሱ አዲስ ጥበብ አይደለም። አይ ቢ ኤም አር ፒ ጂ የተባለውን የሪፖርት ማውጫ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። እንደ ክሪስታል ሪፖርትስ ያሉት በኋላ የመጡ መሣሪያዎች ደግሞ ዐምድ መምረጥን፣ መደመርንና ገጽ ማሳመርን የጥቂት ቀናት ትምህርት አድርገውታል። ይሁን እንጂ ጀማሪ የሚሰናከለው በገጹ አቀማመጥ ላይ ሳይሆን ሰንጠረዦችን በማያያዝ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በሁሩታ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። የመረጃ ቋቱ ሁለት ሰንጠረዦች ይዟል፤ አንደኛው የብድር፣ ሁለተኛው የክፍያ ነው። አንድ አባል በሁለት ጊዜ 4,000፣ 4,000 ብር የሚያወጣ ማዳበሪያ ወስዶ፣ በሦስት ጊዜ 2,000፣ 2,000 ብር ከፍሏል። እውነተኛ ዕዳው 2,000 ብር ነው። ጀማሪው ሁለቱን ሰንጠረዦች በአባሉ መለያ ቍጥር ብቻ ቢያያይዛቸው፣ እያንዳንዱ ብድር ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ተጣምሮ ስድስት ረድፍ ይወጣል። ብድሩ 24,000፣ ክፍያው 12,000፣ ቀሪ ዕዳው 12,000 ብር ሆኖ ይታተማል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ስሕተት ነው። ሌላ አባል 5,000 ብር ተበድሮ ምንም ሳይከፍል ቢቀር፣ በክፍያው ሰንጠረዥ ውስጥ ስሙ አይገኝም። መሣሪያው በሁለቱም ሰንጠረዦች የሚገኙትን ብቻ እንዲያወጣ ከታዘዘ፣ ይህ ሰው ከሪፖርቱ ፈጽሞ ይሰወራል። እንግዲህ የባለዕዳዎች ዝርዝር ተብሎ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚነበበው ወረቀት፣ አብዛኛውን የከፈለው በሌለበት ዕዳ በጎረቤቶቹ ፊት ይጠራል፤ አንዲት ሳንቲም ያልከፈለው ግን ሳይነሣ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጥፋቱ የአዛዡ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቅድሚያ ብድሩም ክፍያውም በየአባሉ ለየብቻ ይደመር፤ ከዚያም ተበዳሪዎቹ ሁሉ ሳይጐድሉ ክፍያው ይያያዝ፤ ክፍያ ያልተገኘለት ዜሮ ይጻፍለት። በመጨረሻም የሪፖርቱ ጠቅላላ ድምር ከደረሰኞቹ ድምር ጋር ይመሳከር።

ከዚህ ቀጥሎ የዘመን አቈጣጠር ጕዳይ አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ከውጭ የመጡት መሣሪያዎች ግን በተለይ ካልታዘዙ በቀር ወርን የሚከፍሉት በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ነው። ጁላይ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ወር የተደመረ ሪፖርት ያለፈውን ዓመት የመጨረሻ ሰባት ቀናት ከአዲሱ ዓመት ሒሳብ ጋር ይደባልቃል። ጳጉሜን ብቻዋን ትቁም ወይስ ከሌላ ወር ጋር ትጠቃለል የሚለውም አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል። በሀገራችን የጤና አገልግሎት፣ የሪፖርት ወር ከ21ኛው ቀን እስከ ተከታዩ ወር 20ኛ ቀን ተብሎ መደንገጉ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ወሩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ የአንዱ ጤና ጣቢያ ቍጥር ከሌላው ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ስለዚህ ጀማሪ ባለሙያ የሚያሠለጥን ሁሉ ትምህርቱን ከኮምፒዩተሩ ባይጀምር ይመረጣል። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ዐሥር አባላትን መርጦ የእያንዳንዳቸውን ዕዳ ከመዝገቡ በእጁ ያስላ። ከዐሥሩ መካከል ብዙ ጊዜ የከፈለና ጨርሶ ያልከፈለ ይኑሩበት። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን ሠርቶ ከእጅ ሒሳቡ ጋር ያስተያየው። ሁለቱ ሳይገጥሙ ወረቀቱ ወደ ጉባኤ አይሂድ።