እውነተኛ አድናቂ ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ ሙዚቀኛ አድናቂ ነው። ርእሱን ስነግራቸው አንዳንድ ጓደኞቼ፤ «ለበዓል ቀን የሚሆን ቁም ነገር ጠፍቶ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ነገሩን ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ባለፈው ዓመት ክፍላችን በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ «ከጥላሁን ገሠሠ በላይ ዘፋኝ አልተወለደም» ሲል፤ ገሚሱ ደግሞ «ማሕሙድ አሕመድ የት ሄዶ!» ይል ነበር። ሁለቱም እኛ ሳንወለድ ስመ ጥር የሆኑ ሰዎች መሆናቸው ክርክሩን አላበረደውም። ከማሕሙድ ወገን ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ገብተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፤ «መልካም፤ ይህን የምትሟገትለትን ዘፈን ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውንስ ማን ደረሰው? ከኋላ የሚሰማውን ሳክስፎን የሚነፋውስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንዱንም አላወቅሁም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን ሳቁ አይደለም፤ ያን ያህል እወደዋለሁ እያልሁ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አለማወቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። (ዓመተ ምሕረቱን የምናገረው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ማሕሙድ ራሱ አስቀድሞ አድማጭ ነበር። በአዲስ አበባ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ የእጅ ሥራ እየሠራ ሳለ፤ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራቸው በኋላ ወደዚያ ይመጡ ነበር። በ1962 አንድ ሌሊት ዘፋኙ ሳይመጣ በመቅረቱ ማሕሙድ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት፤ በዚያው ከባንዱ ጋር ቀረ። ቀድሞ ዘፈኖቹን በጆሮው ባያጠና ኖሮ ያን ሌሊት ምን ይዘፍን ነበር?

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ ገና በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን መጫወት የጀመረ ሰው ነው። በኋላም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋች ሆነ። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለውን ያለ ዘፋኝ የሚሰማውን ሙዚቃ ወላጆቻችን በሚገባ ያውቁታል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከአባሎቹ ገሚሱ ተመለሱ፤ ኃይሉ ግን ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ፤ ከበሮውን በመሣሪያ እያስመታ፤ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራውን ሲጠብቅ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ እያወጣ፤ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪው ሲመጣ መሣሪያውን መልሶ ያስቀምጣል፤ ሻንጣም ይጭናል። የጫነው መንገደኛ ማን እንደሚነዳው ከየት ያውቃል?

ያ ካሴት ግን በአገራችን ነበረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ በባሕር ዳር አገኘው። ወደደው። ወድዶም አልተቀመጠም፤ የኃይሉን የስልክ ቁጥር ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ትርፉንም ከሙዚቀኛው ጋር እኩል የመካፈል ልማድ ያለው ሰው ነው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራውን አወጣ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው፦ ካሴቱ 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በእኛው ዘንድ ሲኖር፤ ሰውዬው ዛሬ የት ነው ብሎ ስልክ የደወለው የሩቅ አገር ሰው ሆነ።

ይህን ስል የባዕድ አድናቂ ከእኛ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ከእኛም ወገን አምኃ እሸቴ ነበረ። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ ገና ወጣት ሳለ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ ነው። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ በስልካችን የምንሰማቸው ብዙ ዘፈኖች የተረፉልን በእርሱ ነው። በስልክ ስንሰማ ደግሞ የግጥሙ ደራሲ ስም ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣም፤ እኛም አንፈልገውም። (እኔም ራሴ ትናንትና አንዱን ዘፈን ሳልከፍል ከጓደኛዬ ወስጃለሁ፤ መምህሬ ይህን ባይሰሙኝ ይሻል ነበር።)

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ዛሬ ጠዋት ሁላችንም ቆመን የትምህርት ቤታችንን መዝሙር ዘምረናል። ዜማውን የደረሰው ማን ነው? ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ የቆዩ መዝገቦችን አገላበጥሁ። ግጥሙ በታይፕ ተጽፎ ተገኘ፤ ከግርጌው ግን ስም የለበትም። እዚህ የተማሩ አንድ አባት፤ «አኮርዲዮን የሚጫወቱ መምህር ነበሩ፤ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ልምምዱን አያቋርጡም ነበር፤ ስማቸው ግን ጠፋብኝ» አሉኝ። በየጠዋቱ እንዘምረዋለን፤ የሠሩልንን ሰው ግን አናውቃቸውም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ በዓሉ ሲያበቃ ደብተሬን ይዤ ከበሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር እቆማለሁ። ከእናንተ መካከል እኒያን መምህር የሚያስታውስ ወላጅ ቢኖር፤ እባክዎን ሳይነግሩኝ አይሂዱ።